የቤት ኪራይ ሕግ፦ በግቢው የሚወራውና አዋጁ የሚለው

ጎንደር፣ ቀሐ አካባቢ ቤት የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ ውሉን የሚጨርሰው በር ላይ ቆሞ ነው። ደላላው መሀል ገብቶ ያስማማል፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ስለሆነ የመብራት ሂሳብ በየክፍሉ ይካፈላል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ከወራት በኋላ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሩ፤ ካልሆነ ልቀቁልኝ» ሲባል ክርክሩ ይነሳል። በክርክሩ መሀል ተደጋግመው የሚሰሙ አራት አባባሎች አሉ።

ተረት፦ «የኪራይ ሕጉ የአዲስ አበባ ነው»

እውነታ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የፌዴራል ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ነው። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም ያካትታል፤ የትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚገቡ ግን ለክልሎቹ ትቶታል። የጎንደር ጉዳይ የሚወሰነው በክልሉ መቀመጫ በባሕር ዳር ነው ማለት ነው።

ተረት፦ «ቤቱ የራሱ ነው፤ ባሻው ቀን ያስወጣል»

እውነታ፦ አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፣ በ30 ቀናት ውስጥም ይመዘገባል። ዝቅተኛው የውል ዘመን 2 ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያስታውቀው ልክ ነው። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስለሚከፈል አከራዩም ይጠቀማል፤ ተከራይ አልከፍልም ቢለው በእጁ የተመዘገበ ውልና የሂሳብ መግለጫ አለ።

አዋጁ ባልደረሰበት ከተማም ቢሆን ተከራይ ያለ ሕግ አይኖርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ጉድለቱ የኪራዩን ዋጋ ለተዋዋዮቹ ስምምነት መተዉ ነው፤ ቤት ፈላጊው በበዛበት ከተማ ደግሞ ስምምነቱ ወደ አከራዩ ያደላል።

ተረት፦ «ጭማሪ ከታገደ ቤት ይረክሳል»

እውነታ፦ ይህን አገሩ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፣ ኪራይ ቀነሰ፣ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይም ከለከለ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ገብቶ ለተቀመጠው ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። የሚሰበሰበው ኪራይ ግን ለጥገና ስላልበቃ ጣሪያው ዛገ፣ ግድግዳው ተላጠ፤ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ።

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 የኪራይ ቁጥጥሯን ስታሰፋ ነባር ተከራዮች ከሰፈራቸው ሳይፈናቀሉ ቆዩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ቁጥጥሩ የነካቸው አከራዮች ለኪራይ የሚያቀርቡትን ቤት በ15 በመቶ ቀነሱ። የጭማሪ ገደብ በቤቱ ያለውን ተከራይ ይጠብቃል። ነገ ከገጠር፣ ከሌላ ከተማ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቤት ለሚፈልገው ግን ተጨማሪ ቤት መሠራት አለበት፤ ለዚያም መሬት፣ መንገድ፣ ውሃና ብድር ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ይህ የገዢው ፓርቲ ጉዳይ ነው፤ ተቃዋሚን አያገባውም»

እውነታ፦ በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫ አግኝተዋል። በዚህ ቁጥር ብቻቸውን አዋጅ አያጸድቁም፤ በቋሚ ኮሚቴና በሕዝብ ውይይት ላይ ግን ረቂቅን ማረም ይችላሉ። ደግሞም የቤት ሕግ ካወጣው መንግሥት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። አዋጅ 47ን ያወጣው ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግም መጥቶ ሄደ፤ የቀበሌ ቤት ግን ዛሬም የቀበሌ ቤት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ጸንቷል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊዘልቅ የሚችል ሕግ በአንድ ፓርቲ ስብሰባ ብቻ ማለቅ የለበትም።

ስለዚህ የጎንደርን ድምፅ የሚፈልግ ተወዳዳሪ ሁሉ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይምጣ፣ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ። ከተማዋ በኪራይ አዋጁ ትተዳደር ዘንድ ድምፅ ይሰጣሉ? ከዚያው ጋር ለቤት ሠሪ ማኅበራት መሬትና መሠረተ ልማት የሚቀርብበትን የጊዜ ሰሌዳ በሕግ ያስራሉ? የመጀመሪያውን ብቻ የሚመልስ ተወዳዳሪ የጥያቄውን ግማሽ ትቶታል።