ጥምቀትን ከርብራብ ላይ ወይስ ከመሬት?

ከመካነ ሰላም የደረሰን ደብዳቤ ነው። ባል እናቱንና የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ ለጥምቀት ጎንደር መውረድ ያምረዋል። “በሌሊት ገብተን ከእንጨቱ ርብራብ ላይ ቦታ እንይዛለን፤ እማዬም ቁጭ ብላ ታያለች” ባይ ነው። ሚስት ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም ብላለች። የ2012ቱን አልረሳችማ! ነገሩ አማትና ምራትን እስከማኳረፍ ደርሷል። እንግዲህ ፍረዱን ነው።

እኛ ለሚስትየዋ ፈርደናል፤ ግን ግማሹን ብቻ። ርብራቡ ይቅር እንጂ ጉዞው ለምን ይቀራል?

ለዘነጋ ሰው፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሆነው እንዲህ ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም ነበር። ሕዝቡ በሌሊት ነው ግቢውን የሞላው። ለተመልካች ተብሎ የቆመው የእንጨት ርብራብ ከነሰዉ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ሰው የሚፈራው ውኃውን ነበር፤ ጥፋቱ የመጣው ግን ከመቀመጫው ነው።

ይህ የእንጨት ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ትርዒት ወዳድ ነበሩ፤ አምፊቲያትር የሚሉት፣ ዙሪያውን በደረጃ መቀመጫ ያለው ሜዳ ነበራቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ27 ዓ.ም. ከሮም አጠገብ በፊዴኔ ከተማ አቲሊየስ የተባለ ሰው አንዱን ከእንጨት ሠራ። መሠረቱን ጠንካራ መሬት ላይ አላሳረፈውም፣ ማያያዣውንም አላጠበቀውም። ሰው ጢም ብሎ እንደሞላ ተናደ። ታሲተስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ የሞተውንና የተጎዳውን በአንድነት 50 ሺህ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሮም ሸንጎ ሁለት ነገር ደነገገ፦ በቂ ሀብት የሌለው ሰው ትርዒት አያዘጋጅም፤ የመሬቱ ጽናት ሳይመረመርም አምፊቲያትር አይሠራም። በ80 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ኮሎሲየም ደግሞ በድንጋይ ተሠርቶ፣ ምድሩ ላይ ዙሪያውን 80 ቅስቶች ተከፈቱለት። ሰው የሚገባና የሚወጣው በእነዚያ ነበር።

በጣልያን ቬሮና ያለው የሮማውያን አምፊቲያትር ዛሬም ይሠራል። በሐምሌና ነሐሴ ምሽቶች ኦፔራ ይታይበታል። የተጀመረው በ1913 እ.ኤ.አ. “አይዳ” በተባለው ኦፔራ ነው። አይዳ ማን መሰለቻችሁ? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ተደርጋ የተጻፈች ገጸ ባሕርይ! እዚያ ርካሹ መቀመጫ ድንጋዩ ራሱ ነው። ትራስ ያልያዘ ወገቡን ያማል፤ ግን ድንጋዩ አይከዳውም።

ወደ ጎንደሩ እንመለስ። ወንድማችን፣ እናትህ ታቦት ማየት ከሆነ ምኞታቸው ርብራብ አያስፈልጋቸውም። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው በመንገድ ነው የሚያልፉት። ከአንድ ደጃፍ በርጩማ ለምነህ አስቀምጣቸው፤ ዝማሬውም እልልታውም በአጠገባቸው ያልፋል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ደግሞ የሚመለሰው ጥር 12 ስለሆነ አንድ ቀን ተጨማሪ አላችሁ።

ሌሊቱን ገብተን ካልሆነ ካላችሁም፣ ጋቢ አትርሱ፤ የጥር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከመሬት ላይ፣ ወደ መውጫው ቀረብ ብላችሁ ቁሙ። ከርብራቡ ሥርም አትጠጉ፤ ሲወድቅ ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን አይለይም። ከግንቡ ጋር የተጠላለፉት ትልልቅ የዛፍ ሥሮች መልካቸው ያማልላል፤ ልጁ እንዳይንጠላጠልባቸው። ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ውኃው ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ የሚዘልበት ነው። ያኔ የኋላው የፊቱን ይገፋል። እናንተ ከዚያ በፊት ፈቀቅ በሉ፤ ጠበሉ ሲረጭ ይደርሳችኋል። በልጁ ኪስ ስልክ ቁጥር ጽፋችሁ ክተቱ። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታም ከግቢው ውጭ አድርጉት እንጂ “በሩ ጋ” አትባባሉ፤ በሩ ጋ ሁሉም ሰው ነው ያለው! ሰው ገፍቶ ከወሰዳችሁ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ መተንፈሻ ያዙ። ነጠላ ቢወድቅ ይቅር፤ ለማንሣት ማጎንበስ ነው ሰውን የሚያስረግጠው። በቀጥታ ወደኋላ አትታገሉ፤ እየተንሸራተታችሁ ወደ ጎን ውጡ።

ጎንደር ለራቀው ለወሎ ሰው አምባሰል ግሸን ማርያም አለችለት። የአምባ ልጅ ገደል አይፈራም፤ የግሸን ነገር ግን ከገደሉ ይልቅ በሩ ነው። ኮሎሲየም 80 ቅስት ነበረው፣ ግሸን መግቢያዋ አንድ ነው። መስከረም 21 ቀን ያ ሁሉ ምእመን በዚያችው ወጥቶ በዚያችው ይወርዳል። ስለዚህ ከዋዜማው ቀደም ብሎ መውጣት፣ ቅዳሴው እንዳለቀም ከጎርፉ ጋር አብሮ አለመንደርደር ነው። ስንቅና ውኃ ያለው ሰው ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ምን ይጎድልበታል? ጉልበታቸው ለደከመ እናቶች ደግሞ ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ነውና፣ ሰው የማይበዛበትን ወር መርጦ መውሰድ ይሻላል። ያኔ ዳገቱ ላይ ሦስቴ ቢያርፉ ከኋላ የሚገፋቸው የለም።