የሹሩባ ሠሪዋ ዓይን

ልምድ ያላት ፀጉር ሠሪ ደንበኛዋ ገና ወንበር እንደያዘች ማበጠሪያ አታነሳም። መጀመሪያ ፀጉሩን በጣቶቿ ከፈል ከፈል እያደረገች ቆዳውን ታያለች፤ ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለውን ስስ ፀጉር ትዳብሳለች፤ አንዲት ዘለላ ይዛ ቀስ ብላ ትስባለች። ጤነኛ ፀጉር ለጠጥ ብሎ ይመለሳል፤ በኬሚካል ወይም በፒያስትራ የተጎዳው እዚያው ይበጠሳል። ጥያቄውም አብሮ ይመጣል፦ ሪላክሰር የተቀባው መቼ ነው? ቀለም ገብቶበታል? ያለፈው ሹሩባ ስንት ሳምንት ቆየ?

የአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች ብዙ ነገር ይሠራሉ፤ ያጥባሉ፣ ትሪትመንት ይቀባሉ፣ በቢጎዲን ጠቅልለው ካስክ ውስጥ ያስገባሉ፣ ፎን ያደርጋሉ፣ ሂውማን ሄር ይሰፋሉ። የሙያው ሥር ግን ሹሩባ ነው። ድሮ የፀጉር አሠራር ዕድሜንና ማዕረግን ይናገር ነበር፤ ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማስቀረት ጋሜ ትሆናለች፣ ስታገባ ሙሉውን ታሳድጋለች። ለወንድም ነውር አልነበረም፤ አፄ ቴዎድሮስ በሥዕል የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። ዛሬም ሙሽራ ለሠርጓ ቀን ፀጉሯን እንዳሻት ብታሠራ፣ ለመልሱ ሹሩባ ተሠርታ የሐበሻ ቀሚስ ትለብሳለች።

ሹሩባ ላይ የባለሙያ ልዩነት የሚታየው በአያያዝ ነው። «ጠበቅ አድርጊው፣ ቶሎ እንዳይፈታ» የማይባልበት ፀጉር ቤት የለም፤ ዓይን እስኪወጠር የተሳበ ሹሩባ ጥሩ ሥራ ይመስላል። ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሲሳብ ግን ሥሩ ይቆጣል፤ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፣ ቀጥሎ የግንባር ፀጉር ወደ ኋላ መሸሽ ይጀምራል። በጊዜ ከተተወ መልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ነገሩ የሹሩባ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር።

ስለዚህ ባለሙያዋ ከግንባር ስትነሳ እጇን ታላላለች። ዊግ የሚጨመር ከሆነ መነሻው ላይ አታስገባውም፤ ሁለት ሦስት ጉንጉን ከወረደ በኋላ በጥቂቱ ትመግበዋለች። የመጀመሪያው መስመር እንዳለቀ «እስቲ ቅንድብሽን ከፍ ዝቅ አድርጊው፣ ያምሻል?» ትላለች። ካመማት ያን መስመር ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ሹሩባ ተሠርቶ ማታ የራስ ምታት ክኒን መዋጥ እንደ ወግ ተቆጥሯል፤ ሕመሙ ግን የአሠራር ጉድለት ነው። በበዓል ዋዜማ ሁለት ሦስት ሠሪዎች አንድ ራስ ሲከቡ ደግሞ የእያንዳንዷ እጅ ክብደት ይለያያል። ብልህ የቤቱ ባለቤት ግንባሩን ለማንም አትሰጥም።

ለጋ ቅቤም እንዲሁ ማመዛዘን ይፈልጋል። ቅቤ ፀጉሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ቶሎ እንዳይተን ይይዛል እንጂ ውኃ አይሰጥም፤ የሚቀባውም ለደረቀ ሳይሆን ረጠብ ላለ ፀጉር ነው። ፌስታል ተሸፍኖ ሙቀት ካገኘ በኋላ በደንብ ካልታጠበ ፎሮፎር ያለበትን ራስ ያብሰዋል። ሪላክሰር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያድገውን አዲሱን ፀጉር ብቻ መንካት አለበት፤ ካለፈው ቅብ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላ ይቀባልኝ ወይም በተቀባሁበት ቀን ሹሩባ ይሠራልኝ ለሚል መልሱ እምቢ ነው። ቀለም ከሆነ ከጆሮ ጀርባ ተሞክሮ 48 ሰዓት ይጠበቃል።

እምቢ የሚባልበት ሌላም ጊዜ አለ። ልጅ ይዛ የመጣች እናት የልጇ ራስ ላይ ቆረቆር ከታየ ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካታለች፤ ሕመሙ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ልጁን የነካው ማበጠሪያም ሳይጸዳ ወደ ሌላ ራስ አይሄድም።

መጨረሻው መፍታት ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት የቆየ ሹሩባ ሲፈታ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይወርዳል፤ ብዙዎች «ፀጉሬ አለቀ» ብለው የሚደነግጡት ያኔ ነው። ሰው በተፈጥሮው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍለታል፤ ሹሩባ ውስጥ ሲሆን መውደቂያ ስለሌለው ተጠራቅሞ ይቆያል። ልምድ ያላት ሠሪ ይህን የምትናገረው ገና ስትሠራው፣ ደንበኛዋ ከወንበሩ ሳትነሳ ነው።