የልጁ ደም ምን ተናገረ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን በሽተኛው ሳይደብቅ፣ በሽታው ራሱ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ሰውየው «ደከመኝ» ይላል። ሐኪሙ ያየዋል፤ ይዳስሰዋል፤ ደረቱን ያዳምጣል። የድካሙ ምክንያት ግን ደም ውስጥ ተሸሽጓል። ዓይን አያየውም፤ እጅ አይነካውም። ታዲያ ከተደበቀበት ማን ያወጣዋል? የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ነው።

ላቦራቶሪ ማለት የምርመራ ክፍል ማለት ነው። በውስጡ ብዙ ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ ባለሙያ ደምን በማይክሮስኮፕ እያየ የወባ ተሕዋስያንን ይፈልጋል። ሌላው በደምና በሽንት ውስጥ ያለውን ስኳር፣ ጨውና ሌላውንም ነገር ይለካል። ይህ የመለካት ሥራ የሚሠራበት ክፍል የክሊኒካል ኬሚስትሪ ክፍል ይባላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ክፍል ነው። ነገሩ በደንብ እንዲገባን በምሳሌ እንጀምር።

አባትና ልጅ

አንድ ገበሬ የ15 ዓመት ልጅ አለው እንበል። ልጁ ከአባቱ ጋር የሚያርስ፣ ከብት የሚጠብቅ ብርቱ ልጅ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ግን ከሳ። ምግብ ይበላል፤ ሥጋ አልሆነውም። ቅል ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ሌላ ይጠይቃል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይወጣል። እናቱ ሽንቱ በፈሰሰበት መሬት ላይ ጉንዳን ተሰብስቦ አየች።

አንዱ ጎረቤት «ሰው በልቶታል» አለ። ሌላው «ወባ ነው» አለ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። አንድ ቀን ልጁ ያስመልሰው ጀመር። ሆዱን ቆረጠው። ዳገት እንደ ሮጠ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል። አባት ጎረቤት አስተባብሮ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሰው።

ሐኪሙ ወዲያው ደምና ሽንት እንዲመረመር አዘዘ። ወባ አልተገኘም። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ግን 480 ሆኖ ተገኘ። በሽንቱም ኬቶን የሚባል ነገር ታየ። ሐኪሙ «የስኳር በሽታ ነው» አለ። ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒትና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ተጀመረ።

አባት ነገሩ ያለቀ መሰለው። አላለቀም። ጥቂት ቆይቶ ደም ተቀዳ። ከዚያ ደግሞ ተቀዳ። አባት ተቆጣ። «ምነው! የልጄን ደም ጨረሳችሁት እኮ! ቤቴ ወስጄ ጸበሌን አስጠምቀዋለሁ፤ ልጄን ስጡኝ!» አለ።

ልጁ በዚያች ሰዓት ቢወጣ ኖሮ ይሞት ነበር። ለምን? መልሱን ከላቦራቶሪዋ ባለሙያ እንስማ።

ጎተራው ሙሉ፣ ቤቱ ረሃብተኛ

ባለሙያዋ አባትን ወደ ዳር ወስዳ እንዲህ አለችው፦

«አባቴ፣ ይረጋጉ። ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ቤት አስቡ። ቁልፉ ጠፋ። እህል እያለ ቤተሰቡ ይራባል። የልጅዎም ሰውነት እንዲሁ ሆኗል። ምግቡ ስኳር ሆኖ ደሙ ውስጥ ሞልቷል። ስኳሩን ወደ ሥጋው የሚያስገባው ቁልፍ ኢንሱሊን ይባላል። ኢንሱሊን የሚሠራው ከጨጓራ በስተኋላ ባለው ቆሽት ነው። የልጅዎ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት አቆመ። ስለዚህ ትርፉ ስኳር ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ጥማቱ ከዚህ የመጣ ነው። ጉንዳኑም የመጣው ለስኳሩ ነው።

«የማገዶ እንጨት ያጣ ሰው የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ሊያነድ ይችላል። የልጅዎ ሰውነትም ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብ ማንደድ ጀመረ። የዚያ እሳት ጭስ ነው ኬቶን። ኬቶን ሲበዛ ደምን እንደ አሲድ ያደርገዋል። ቁና ቁና ያስተነፈሰው እሱ ነው።»

አባት «ታዲያ መድኃኒቱን ሰጣችሁት፤ ደሙን ደጋግማችሁ የምትወስዱት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ጥሩ ጠየቁ» አለች። «ኢንሱሊን ስኳሩን ሲያስገባ ፖታሲየም የሚባለውንም ጨው አብሮ ከደም ወደ ሥጋ ያስገባል። ልብ በደንብ የሚመታው ፖታሲየም በመጠኑ ሲሆን ነው። ልኬቱ ከ3.5 እስከ 5 ድረስ ሲሆን ደህና ነው። በጣም ከወረደ ልብ ይቆማል። በጣም ከወጣም ልብ ይቆማል። ስኳሩም እንዲሁ ነው። ከ70 በታች ከወረደ ያንቀጠቅጣል፤ በጣም ሲወርድ ራስን ያስታል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ስኳሩን በየሰዓቱ፣ ጨዉን በየጥቂት ሰዓቱ እንለካለን። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚጨምረውና የሚቀንሰው በልኬቱ ነው። ሳንለካ ብንሰጠው በጨለማ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መሄድ ነው።

«ደሙ ያልቃል ብለው አይስጉ። አንድ ብልቃጥ የሚይዘው የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ይህም 1000 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሰውነትም የወጣውን ይተካል።»

አባት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እንግዲያው ልጄ፣ ቅዱለት» አለ።

ላቦራቶሪው እንዴት ይለካል?

ደሙ በብልቃጥ ሲመጣ በመጀመሪያ ሴንትሪፊውጅ የሚባል መኪና ውስጥ ይገባል። መኪናው ብልቃጡን በኃይል ያሽከረክረዋል። ወተት ሲናጥ ቅቤው እንደሚለይ፣ ደሙም ይለያል። ቀዩ ከታች ይቀራል። ከላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ይህ ውሃ ነው።

በውሃው ላይ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ ስኳር ሲያገኝ ቀለም ያወጣል። ቀጭን ሻይና ወፍራም ሻይ በቀለማቸው እንደሚለዩ ሁሉ፣ ስኳሩ ሲበዛ ቀለሙ ይደምቃል። መሣሪያው በቀለሙ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ያነባል። ከዚያም በቁጥር ይናገራል።

ቁጥሩ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ገበያ ውስጥ ሚዛን ሲያጠራጥረን ክብደቱ የታወቀ ነገር እናስቀምጥበታለን። 1 ኪሎው 1 ኪሎ ካልሆነ ሚዛኑ ውሸታም ነው። ላቦራቶሪም እንዲሁ ያደርጋል። የበሽተኛ ደም ከመለካቱ በፊት መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ይለካል። ልኬቱ ካልተስማማ መሣሪያው እስኪስተካከል ድረስ ሥራው ይቆማል።

ቁጥሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ሲገኝ ባለሙያው ወረቀቱን አስቀምጦ ተራ አይጠብቅም። ያኔውኑ ለሐኪሙ ይደውላል፤ ወይም ሮጦ ይነግራል።

ስኳር ብቻ አይደለም

ይህ ክፍል ሌሎች ብዙ ነገሮችን ይለካል። ጥቂቶቹን እንይ።

ኩላሊት ደምን የሚያጣራ ወንፊት ነው። ክሬያቲኒን የሚባለው ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወገዳል። ወንፊቱ ሲደፈን ክሬያቲኒን ደም ውስጥ ይከማቻል። የኩላሊት በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ይቆያል። ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት ሰው ባያመውም እንኳ ይህን መመርመር አለበት።

ዓይን ቢጫ ሲሆን በአገራችን «የወፍ በሽታ» ይባላል። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባል ነገር ነው። ቢሊሩቢን በሦስት መንገድ ይበዛል። ቀይ ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ፣ ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ይበዛል። ሦስቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የላቦራቶሪ ልኬት ነው።

ሆኖም ላቦራቶሪ ለብቻው ሐኪም አይደለም። ቁጥሩን ከሕመምተኛው ቃልና ከሰውነቱ ሁኔታ ጋር አስተያይቶ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ የለም። ላቦራቶሪም ምስክር ነው።

«የሀብታም በሽታ» ነውን?

ብዙ ሰው «ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው» ይላል። ይህ ስህተት ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በገጠር በሚኖሩ ቀጫጭንና ድሃ ወጣቶች ላይም እንደሚገኝ አሳይተዋል። ከብዙ ጥማት፣ ከብዙ ሽንትና ከመክሳት ጋር ስኳሩ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ታወቀ ማለት ነው። ምልክት የሌለው ሰው ደግሞ ምግብ ሳይበላ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ፣ ምርመራው ተደግሞ ይረጋገጣል። ቁጥሩ የሚነግረን በአንድ ዴሲ ሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ደም ውስጥ ስንት ሚሊግራም ስኳር እንዳለ ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንደዚህ ልጅ የታመመ ሁሉ ሟች ነበር። በ1914 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922) በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን በመወጋት የመጀመሪያው ሆነ። ባንቲንግና ቤስት ያዘጋጁት የመጀመሪያው መርፌ በቂ ውጤት አላሳየም። ይህን የተናገረው የላቦራቶሪ ልኬት ነው። ኮሊፕ የሚባለው ባልደረባቸው መድኃኒቱን አጣራው። ልጁ ዳግመኛ ሲወጋ ስኳሩ ከ520 ወደ 120 ወረደ። በሽንቱ የነበረው ኬቶንም ጠፋ። መድኃኒቱ እንደሚያድን የታወቀው በልኬት ነበር።

የእኛ ድርሻ

ጥሩ ምርመራ የሚጀምረው ከሕመምተኛው ነው። ስለዚህ፦

1. ሳይበሉ ይምጡ ከተባላችሁ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ አትብሉ። ውሃ ይፈቀዳል። በልታችሁ ከሆነም እውነቱን ተናገሩ።

2. ደም ሲቀዳ ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ጥሩ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ስመ ሞክሼ ብዙ ነው። የአንዱ ደም በሌላው ስም ከተጻፈ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። ማንበብ መቻላችን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

3. የአገር መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነ አትደብቁ። አንዳንዱ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪሙ ካላወቀ ምክንያቱን ፍለጋ ይደክማል።

4. የውጤት ወረቀታችሁን አትጣሉ። የዛሬው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ካለፈው ጋር ሲተያይ ነው።

5. ለቀጠሮ ቀን ብቻ አትጠንቀቁ። የሁለትና የሦስት ወርን ስኳር ባንድ ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ያለፈውን ይመሰክራል።

6. ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኢንሱሊኑን አያቋርጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንግዲህ የምሳሌያችን ልጅ ምን ሆነ? በሁለተኛው ቀን ስኳሩ ወረደ፤ ኬቶኑ ጠፋ። ልጁ ተነሥቶ ተቀመጠና እንጀራ ጠየቀ። ኢንሱሊን ዕድሜ ልኩን ይወጋል። ግን ያርሳል፤ ይማራል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። አባቱ መርፌውን መውጋት፣ የቀጠሮ ወረቀቱንም ማንበብ ተማረ። አሁን ጎረቤት «ሰው በልቶታል» ሲል ቢሰማ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «ደሙን አስመርምራችኋል?»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ እየከሳ፣ ብዙ ውሃ እየጠጣ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ሰው አለ? ለመመርመር ወዴት ይሂድ?

2. አባትየው ልጁን ይዞ ሊወጣ የፈለገው ለምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር?

3. ሐኪሙ ሳያስለካ ኢንሱሊን ደጋግሞ ቢሰጥ ምን ይደርስ ነበር?