ጣሪያውን ሳያንኳኩ መግባት፦ ከደላንታ ኦፓል እስከ ውጫሌ ከሰል

በደላንታ የወገልጤና ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ዝናው የወጣው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ ፀሐይ መውጫ በተባለው ቦታ አካባቢ ገደሉ ላይ የሚቆፍር ወጣት ይበልጥ የሚሠጋው እግሩ እንዳይንሸራተት ነበር። ኦፓሉ ግን ያለው ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ በላዩ ከባድ አለት ተጭኖታል። ዳር ዳሩ ሲያልቅ ቁፋሮው ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ስጋቱም ከእግር ወደ ጣሪያ ዞረ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ዋሻ ተደርምሶባቸው ወጣቶች ከውስጥ ሲቀሩ፣ ሊያወጧቸው የተረባረቡትን የሥፍራው አቀማመጥ ራሱ ፈተናቸው።

ይህን መንገድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ቀድመው አልፈውበታል፤ ዋጋውም እጅግ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 በፈረንሳይ ኩሪዬር 1,099 ሰው በአንድ ፍንዳታ አለቀ። በቻይና የከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቁጥሩ ወደ 333 ወርዷል። ሚቴን ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጋዙ በየጊዜው ይለካል፣ ንጹህ አየር ይገባል፣ አደገኛ የሆኑ ትንንሽ ማዕድን ማውጫዎችም ይዘጋሉ። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ቀላሉን ልማድ ነው፦ ቆፋሪው ከመግባቱ በፊት ጣሪያውን በብረት ያንኳኳል። ድምፁ ጥርት ካለ አለቱ ጠንካራ ነው፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ከላይ ተላቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የላላውን ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ ያወርዳል ወይም ምሰሶ ያቆማል። ሄልሜት የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ የወረደ አለት አያቆምም።

አገራችን ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ታስገባው የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት ስትጥር ቆይታለች። ከሰል ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ውጫሌ ነው። እዚያ ከመሬት በታች የሚቆፈር ቀን ቢመጣ፣ በጣሪያው ስጋት ላይ ጋዝና በራሱ የሚቀጣጠል ከሰል ይጨመርበታል። ልምዱ መጀመር ያለበት ግን ዛሬ፣ ደላንታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ብረት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት፤ እየተነቀለ ወደ ሌላ ዋሻ የሚወሰድ የብረት ምሰሶ ከአቅማቸው በላይ አይመስለኝም። በየቆፋሪዎቹ ማኅበር ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ፈትሾ «ዛሬ አይገባም» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይመደብ፤ የከለከለበት ቀን ድርሻም አይቀነስበት። ክረምት ላይ ዝናቡ ንጣፉን ሲያርሰው ደግሞ ቁፋሮው መቆም አለበት፤ ለእነዚያ ወራት ሌላ ገቢ ካልተዘጋጀ ግን የሚያቆም አይኖርም።