በሂጃብ የተከፈሉ ሴቶች፦ የቱርክ ሪፐብሊክ ተሞክሮ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ አገር ሴቶች፣ ሁሉም በወንዶች የበላይነት እየተገፉ፣ ስለ ምን ሃይማኖተኛና ዓለማዊ በሚል በሁለት ጎራ ተሰለፉ? መልሱን በቱርክ ታሪክ እንፈልገዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የቱርክ ሪፐብሊክ በ1926 ያወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን ከልክሏል፤ በ1934 ደግሞ ሴቶች በፓርላማ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ስለዚህ ለብዙ ዓለማዊ ሴቶች የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት የመብታቸው ዋስትና ነበር። በፖለቲካ መድረክ የታየው ሂጃብም ይህ ዋስትና ሊነጠቅ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት መሰላቸው።

በሌላው ወገን ያለው ልምድ ከዚህ የተለየ ነው። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የወጡት የአለባበስ ደንቦች ሂጃብ የለበሱ ሴቶችን ከመንግሥት ሥራ አገዱ፤ ከ1997 ወዲህም ክልከላው በዩኒቨርሲቲዎች ጠበቀ። ልብ እንበል፤ ተመሳሳይ እምነት ያለው ወንድ በአብዛኛው ይማር ነበር። ርእዮተ ዓለምን ለመግታት የተዘጋው በር በተግባር የተዘጋው በአብዛኛው በሴቶች ላይ ነው።

ግንቦት 2 ቀን 1999 ከኢስታንቡል የተመረጠችው መርቬ ካቫክቺ ሂጃቧን እንደለበሰች ወደ ምክር ቤቱ ብትገባም፣ ተቃውሞው በመበርታቱ ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወጣች። የሌላ ፓርቲ ተመራጭ የነበረችው ኔስሪን ኡናል ግን ሂጃቧን አውልቃ ማለች። የሕዝብ ድምፅ ያገኙ ሁለት ሴቶች ዕጣ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ተወሰነ።

ክልከላው በዩኒቨርሲቲዎች ከ2010 ጀምሮ በተግባር ላላ፤ በ2013 ደግሞ ከአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ተነሣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አራት የገዢው ፓርቲ ሴት ተመራጮች ሂጃብ ለብሰው ምክር ቤት ሲገቡ ማንም አላስወጣቸውም። ብዙም ሳይቆይ ሴት ተመራጮች ሱሪ እንዳይለብሱ የሚከለክለው ደንብም ተሻረ። የአንዷ ነፃነት የሌላዋን ነፃነት እንደማይቀንስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ይሁን እንጂ ክፍፍሉ አላበቃም፤ መስመሩን ቀየረ እንጂ። ቱርክ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል የተዘጋጀውን የኢስታንቡል ስምምነት ከሁሉም አገሮች ቀድማ በ2012 አጸደቀች። በ2020 ስምምነቱ ቤተሰብን ያፈርሳል የሚለው ዘመቻ ሲበረታ፣ ለመንግሥት ቅርብ የሆነው የሃይማኖተኛ ሴቶች ማኅበር ካዴም ሳይቀር በአደባባይ ተከላከለለት። ያም ሆኖ በመጋቢት 2021 በአንድ ሌሊት በወጣ ፕሬዚዳንታዊ ውሳኔ አገሪቱ ከስምምነቱ ወጣች።

ከዚህ ምን እንማራለን? በእኔ ግምት፣ ክፍፍሉን ያጠነከረው የእምነት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት በየተራ የአንዱን ወገን ሴት ጠባቂ፣ የሌላውን ከሳሽ ሆኖ መቆሙም ነው። አንደኛዋ ከዩኒቨርሲቲ ስትባረር ሌላዋ ዝም አለች፤ የሌላዋ ዋስትና ሲነጠቅም ብዙዎች በተራቸው ዝም አሉ። ካዴም በ2020 የተናገረው ቃል ይህን ዝምታ የሰበረ ነበር፤ ነገር ግን ዘግይቶ መጣ። ስለዚህ የአንድን ንቅናቄ ጽናት ስንመዝን ልንጠይቅ የሚገባን ለራሱ ወገን ምን እንዳስገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ለማይመስሉት ሴቶች መቼ እንደተናገረም ጭምር ነው።