ምድጃው ሲያጨስ ጥፋቱ የነዳጁ ነው ወይስ የአየሩ? በደጋ ቤት ስለሚነድድ እሳት ተረትና እውነታ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ጊች ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በክረምትም ጉሙና ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲያበርድ ይውላል። ስለዚህ በደባርቅና በዳባት ቤቶች፣ በፓርኩ ካምፖች ወጥ ቤት፣ እንግዶችን አጅበው ተራራ በሚወጡ አብሳዮችና ስካውቶች ድንኳንም ጭምር እሳት ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለማደሪያም ይፈለጋል። የላምባ ምድጃ ወይም ከሰል ከመኝታው አጠገብ ይቀመጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሽንቁሩ ይደፈናል። ምድጃው ሲያጨስ፣ ሲሸት ወይም ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ቀድሞ የሚወቀሰው ነዳጁ ነው፤ ላምባው ተበርዟል፣ ከሰሉ ረጥቧል ይባላል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ችግሮቹን አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው ግን በደጋ የሚነድድ እሳት ከሁሉ በፊት የሚጎድለው አየር ነው። ይህን አለመረዳት ላምባ ከማባከን አልፎ ሕይወት ስለሚያስከፍል፣ በሰፊው የሚታመኑትን አባባሎች ከማስረጃ ጋር ማስተያየት ይገባል።

«ምድጃው የሚያጨሰው ላምባው ስለተበላሸ ነው»

በመተማ ቆላም ሆነ በጊች ሜዳ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አንድ ነው፤ ከመቶ 21 ገደማ። የሚለየው የአየሩ መሳሳት ነው። የአየር ግፊት በደባርቅ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ፣ በጊች ደግሞ ወደ 64 በመቶ ዝቅ ይላል። አንድ ሊትር ላምባ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 12 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ይህ አየር በባሕር ዳርቻ 10 ሜትር ኪዩብ አይሞላም፤ በጊች ግን 14 ወይም 15 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ክፍል በጠቅላላ የሚይዘው አየር 15 ሜትር ኪዩብ ነው። እንግዲህ በተደፈነ ትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ ሊትር ላምባ ማንደድ የክፍሉን አየር በሙሉ መጠየቅ ነው፤ እሳቱ መበላሸት የሚጀምረው ደግሞ አየሩ ከማለቁ እጅግ ቀድሞ ነው።

የምድጃው ክር ከማጠራቀሚያው የሚስበው ላምባ በቆላም በደጋም ያው ነው። በምድጃው ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ግን በጊች ክብደቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ነዳጁ ሳይቀንስ አየሩ ሲቀንስ ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፣ ይረዝማል፣ የድስቱን ቂጥ በጥላሸት ያጠቁራል። ስለዚህ መተማ ላይ ያለ እንከን ይነድድ የነበረ ምድጃ ጊች ላይ ቢያጨስ፣ ላምባ መቀየር አይፈውሰውም። የሚፈውሰው ክሮቹን ዝቅ ማድረግ፣ የከሰለውን ጫፋቸውን በመቀስ እኩል መቁረጥ፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች መጥረግ፣ ምድጃውን ደልዳላ ቦታ ማስቀመጥና ለክፍሉ አየር መስጠት ነው። ነዳጁ በእርግጥ ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው። ውሃ የገባበት ላምባ ይንጣጣል፣ ነበልባሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጠፋል። የተጠራጠረ ሰው ላምባውን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ቀድቶ ያሳድረው፤ ውሃ ከላምባ ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል፣ ከላይ ያለውን በቀስታ ገልብጦ መጠቀም ይቻላል። ሳይንጣጣ በቢጫ ነበልባል የሚያጨስ ምድጃ ግን አየር አንሶታል።

«ናፍጣ የበለጠ ስለሚያሞቅ ላምባው ላይ ቢቀላቀል ይሻላል»

ላምባ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ይህ ሐሳብ ይነሳል። በሊትር ሲለካ ናፍጣ ከላምባ ጥቂት የበለጠ ሙቀት መስጠቱ እውነት ነው፤ በኪሎ ሲለካ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ትልቁ ልዩነት በአተናነናቸው ላይ ነው። ላምባ ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ተንኖ ያልቃል፤ የናፍጣ ከባዱ ክፍል ግን እስከ 360 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። በክር ምድጃ ላይ ይህ ከባድ ክፍል በደንብ ሳይተንን ክሩ ላይ ይከስላል፤ ክሩ ይደነድናል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ቀድሞውንም ያነሰው አየር ይብስ ያንሳል። ቤንዚን መቀላቀልማ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ በብልጭታ ይያያዛል፤ ጥቂት የተቀላቀለበት ላምባም ምድጃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ናፍጣ ለቤት ማሞቂያ አይውልም ማለት ግን አይደለም። በእንግሊዝ ቦዮች ላይ በጠባብ ጀልባዎች የሚኖሩ ሰዎች በናፍጣ ምድጃ ይሞቃሉ። ያ ምድጃ ግን ክር የለውም፤ ናፍጣው በልክ በልክ ወደ ጋለ የብረት ዕቃ ይወርዳል፣ እዚያ ተንኖ ይነድዳል፣ ጭሱም በቱቦ ከጀልባው ይወጣል። ለናፍጣ ተብሎ የተሠራው ይህ ምድጃ እንኳ ጥላሸት ሲያበዛ ቱቦው ጭሱን መሳቡና የአየር መግቢያው አለመደፈኑ መታየት አለበት። የጀልባ ደኅንነት ደንባቸውም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መኝታ ያላቸው ጀልባዎች ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሚባለው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖራቸው ያዝዛል። ለናፍጣ የተሠራ ምድጃና ጭስ ማውጫ ያላቸው ሰዎች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ናፍጣ ጭስ ማውጫ በሌለው የላምባ ምድጃ ውስጥ ቦታ የለውም።

«ባቄላው አልበስል ያለው እሳቱ ስለደከመ ነው»

እሳቱ ደክሞ ላይሆን ይችላል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በደባርቅ በ90፣ በጊች ደግሞ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ከፈላ በኋላ ነበልባሉን ቢያስረዝሙት ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ክሩን ከፍ ማድረግ እንግዲህ የሚጨምረው ጥላሸትና መርዘኛ ጋዝ ነው። ጥራጥሬን ቀድሞ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ሲገኝም በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት መጠቀም ግን ባቄላውን ለማብሰል ይረዳሉ።

«ጭስ ከሌለው አያፍንም፤ የቀላ ፍም ጉዳት የለውም»

ከሁሉም ገዳዩ እምነት ይህ ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ይግባ የሚለው ልማድ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ጭስ በእርግጥ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሰውን በተኛበት የሚገድለው ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የሚፈጠረውም እዚያው በቀላው ፍም ውስጥ ነው። ከሥር የገባው አየር ከከሰሉ ጋር ተዋህዶ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ያ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ሲያልፍ ደግሞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ፍሙ አመድ ለብሶ የረጋ ቢመስልም ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። እንጨት ቢያንስ በጭሱ ያስጠነቅቃል፤ ከሰል ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ይመርዛል።

ጋዙ ወደ ሳንባ ሲገባ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ጉልበት ከኦክስጅን በ200 እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥቂቱም ብዙ ቦታ ይይዛል። የደጋ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውንም ያነሰ በመሆኑ፣ ያው መጠን ያለው ጋዝ በጊች ይበልጥ ያሰጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጉልበት መክዳት ይከተላሉ። እነዚህ ምልክቶች ከፍታ ያልለመደ እንግዳ ላይ ከሚታየው ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ በድንኳንና በካምፕ ማደሪያ በቀላሉ ያሳስታሉ። እሳት ባለበት ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወይም ሕመሙ ውጭ ሲወጡ የሚቀልልና ሲመለሱ የሚብስ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ከከፍታው በፊት እሳቱ ነው።

ለመከላከያ ተብለው የሚደረጉትም መመርመር አለባቸው። ከምድጃው አጠገብ በሳህን ውሃ ማስቀመጥ አያድንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከቁጥር የማይገባ መጠን ነው። ዝቅ ብሎ መሬት ላይ መተኛትም አይረዳም፤ ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣራ ያዳርሳል። ለታፈነ ሰው ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያስወጡም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ወተትማ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ አደጋ ያመጣል። የሚጠቅመው በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ካለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሆስፒታል ውስጥ በጭንብል የሚሰጠው ኦክስጅን ይህን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያሳጥረዋል።

«አባቶቻችን በዚሁ እሳት ኖረዋል»

ይህ ክርክር በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ነው፤ የቀደሙት ሰዎች በእርግጥ ቤት ውስጥ እሳት እያነደዱ ውርጩን ተቋቁመዋል። የኖሩበት ቤት ግን ሌላ ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ ጭሱን በክዳኑ መካከል እያሾለከ ያወጣል፣ በግድግዳው ሽንቁር አዲስ አየር ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጊች መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ከጎጆ ወደ ከተማ ኑሮ ገብተዋል። በከተማ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተመረገ፣ ከላይም ኮርኒስ የተወጠረበት ሊሆን ይችላል፤ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ የተደፈነው ሁሉ አየርም አያስገባም። ነዳጁም ይለወጣል፤ በየደጁ ከሚለቀም እንጨትና ከኩበት ይልቅ ከገበያ የሚገዛ ከሰል ይበዛል። አባቶች ያልሞቱበት ልማድ በዚህ ቤት ውስጥ ገዳይ የሚሆነው ልማዱ ሳይለወጥ ቤቱ ስለተለወጠ ነው። የጎጆው ጭስም ቢሆን ያለ ዋጋ አልቀረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ ሕፃናት ይገኛሉ።

«መስኮት ከተከፈተ ሙቀቱ ሁሉ ይወጣል፤ ታዲያ እሳቱ ምን ይጠቅማል?»

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ብርዱ እውነት ነውና። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ከላይ የተጠቀሰው 15 ሜትር ኪዩብ ክፍል የሚይዘው አየር በጊች ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን አየር በ10 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ላምባ ነው። የክፍሉ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢለዋወጥ እንኳ ወጪው ከአራት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ አንድ ሊትር ደግሞ 200 የሻይ ማንኪያ ነው። የከሰልም ነገር ከዚህ አይለይም፤ አየሩን ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት ያው ነው። በመስኮት ወጣ የሚባለው ሙቀት እንግዲህ አብዛኛውን የሚያልፈው በቆርቆሮው፣ በግድግዳውና በወለሉ ነው። ሙቀት ማዳን የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን እዚያ ላይ ቢያውል ይጠቀማል፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ መወጠር፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ፣ በደንብ በተከደነ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይዞ መተኛት ከተደፈነ በር የተሻለ ያሞቃሉ። የአየር መንገዶቹ ግን ሁለት ሆነው፣ አንዱ ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላው ከጣራው ሥር፣ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለባቸው።

የአየር መንገድ መኖሩ ግን ከእሳት ጋር ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም። የተኛ ሰው ነበልባሉ ቢጫ መሆኑን አያይም፣ የራሱንም ራስ ምታት ላይሰማው ይችላል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃም ካልተጠረገ አይታመንም፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ የሞተው ጭስ ማውጫው በተደፈነ ምድጃ ጋዝ ታፍኖ ነው። ስለዚህ በደባርቅ፣ በዳባትም ሆነ በጊች ካምፕ ምድጃ ሲያስቸግር የምርመራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ክፍሉ አየር ማግኘቱ ይታይ፤ ቀጥሎ የምድጃው ቀዳዳና ክር፤ ነዳጁ የሚመረመረው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከመኝታ በፊት ደግሞ ፍሙም ምድጃውም ወደ ውጭ ይውጣ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልግ ገንዘብ የለም፤ አንድ ቤተሰብ ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል።