ትዊተሯ የት ትቀመጥ?

«ሰኞ ነው ያለው ማክሰኞ?» የራሽን ቀን በድምፅ ማጉያ በተነገረ ቁጥር ጥግ ላይ የተቀመጡ እናቶች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። እኛም ክፍል ውስጥ ዲክቴሽን ስናስጽፍ «ሰማ» ያልነውን ከዳር ያለው ተማሪ «ሸማ» ብሎ ይጽፈዋል። «ድምፁን ጨምሩት!» ይባላል። ይጨመራል፤ ቃሉ ግን አይጠራም።

ውድ አንባቢያን፣ ወጣቶቻችን ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር እየፈቱ ሣጥን ሲሠሩ እናያለን፤ እጃቸው ይባረክ። ነገር ግን ብዙዎቹ ስፒከሮቹን ባመቻቸው ቦታ ይገጥሙና ካፓሲተሩን በመጨረሻ ይፈልጋሉ። መጀመር ያለበት ከአቀማመጡ ነው።

ውፈሩ ወፍራሙን፣ ትዊተሯ ቀጭኑን ድምፅ ያወጣሉ። ክሮስኦቨሩ ያከፋፍላቸዋል። በሚከፋፈሉበት ነጥብ ላይ ግን ሁለቱም ያንኑ ድምፅ እኩል ያወጣሉ። እዚያ ላይ የአንዱ ሞገድ ከሌላው በግማሽ ከዘገየ ይጠፋፋሉ።

በእኛ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መከፋፈያው 3000 ኸርዝ ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከውፈሩ መሐል እስከ ትዊተሯ መሐል ያለው ርቀት ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል። 30 ሴንቲሜትር ካራራቃችኋቸው መከፋፈያውን ወደ 1200 ኸርዝ ልታወርዱ ነው፤ ትንሽ ትዊተር ደግሞ እዚያ ድረስ ወርዳ አትችልም፣ ትቃጠላለች። ስለዚህ ለንግግር ባለ 5 ኢንቹ ውፈር ይሻላል። ትንሿን ትዊተር ጠርዙ ድረስ ብታስጠጓት ርቀቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል።

ደግሞም አንዷ ከአንዱ በላይ እንጂ ጎን ለጎን አይሁኑ። ሰው የሚቀመጠው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ነው። ጎን ለጎን በ12 ሴንቲሜትር ከተገጠሙ፣ 30 ዲግሪ ወደ ዳር ለተቀመጠ ሰው የአንዱ ድምፅ 6 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ግማሽ ሞገድ ነው። «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩበት ፉጨት የሚጀምረውም በዚሁ አካባቢ ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ባለ 8 ኦም ትዊተር በ3000 ኸርዝ 6.6 ማይክሮፋራድ ትፈልጋለች፤ 4.7 እና 2.2 በፓራለል ቢታሰሩ 6.9 ይሆናሉ፣ ይበቃል። (ፕላስና ማይነስ ያለውን ካፓሲተር ብቻውን አታስገቡ።) ለባለ 8 ኦም ውፈር 0.42 ሚሊሄንሪ ኮይል ነው። ሁለተኛ ውፈር ከጨመራችሁ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በፓራለል 4 ኦም ስለሚሆኑ ኮይሉ 0.21፣ በሲሪስ 16 ኦም ስለሚሆኑ 0.84 ይሆናል። የትዊተሯ ካፓሲተር ባለበት ይቆያል። አምፕሊፋየሩ 4 ኦም መቻሉን አስቀድማችሁ እዩ።

ትዊተሯን በሁለት ውፈሮች መሐል ማስቀመጥን ጆሴፍ ዳፖሊቶ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበው ጥናት በሰፊው አስተዋውቆታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ሣጥኑ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይሁን። ተጋድሞ የሚሰቀለው ብዙ ነው፣ ለዓይን ስለሚያምር ይመስለናል።

በአንድ ካፓሲተርና በአንድ ኮይል የሚሠራ ክሮስኦቨር በመከፋፈያው አካባቢ ድምፁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብለዋል። የትዊተሯ ሁለት ሽቦዎች ሲገላበጡ ዝንባሌውም ይገለበጣል። ስለዚህ ሣጥኑን ስቀሉና አንድ ሰው ያንብብ፤ ሌላው ልጆቹ የሚቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ። ሽቦውን አገላብጣችሁ ድገሙት፤ ጠርቶ በተሰማው በኩል በይዱት።